ከእንጦጦ እስከ ቀበና ፤ ልጆች ይውሉበት ስለ ነበረው መንገድ

ከእንጦጦ ማርያም ደጃፍ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ፥ ከስድስት ኪሎም ወደ ጃንሆይ ሜዳና ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርደው ጐዳና፥ ሳይቸኩል በእግሩ ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቁልቁለት ስለ ሆነ አያደክምም፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው የሚያቆመው ነገር ብዙ ነው። ከተማይቱም ራስዋ የወረደችው በዚሁ በኩል ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራው አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ፥ በተራራው ብርድና በማገዶ እጦት የተማረረው መኰንንና ወታደር ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ወደ ሜዳው ወረደ። ያም ሆኖ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሥርዐተ ንግሥ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የተፈጸመው በተራራው ላይ በእንጦጦ ማርያም ነበረ። በኋላም በዚያው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ የተራቈተውን ተራራ አለበሰው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ «እንጦጦ» ሲባል በዐይኑ የሚመጣበት ያ ዛፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ የምጽፈው ስለ ነገሥታቱና ስለ መኳንንቱ አይደለም። ከተራራው እስከ ወንዙ ያለውን ስፍራ ሁሉ፥ ድንጋዩንና ጕድጓዱን ሳይቀር፥ እንደ አባታቸው ርስት ያውቁት ስለ ነበሩት ስለ ሰፈር ልጆች ነው። እኔም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። ባለፈው የጥቅምት ወር የእኅቴን ሁለት ልጆች፥ የ10 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ፥ ይዤ ይህንኑ መንገድ ወረድሁት። ልጆቹ የሚኖሩት በከተማይቱ ምሥራቅ ዳርቻ፥ ኮንዶሚኒየም በሚባለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ ላይ ነው። እናታቸው ልጆቿን የምታስጨንቅ ሰው አይደለችም፤ ነገር ግን «ጋሼ፥ አደራ፥ እጃቸውን እንዳትለቅ» ብላ ከሰጠችኝ በኋላ ገና ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ አራት ጊዜ ስልክ ደወለች።

በተራራው ላይ በ2013 ዓ.ም. በመስከረም ወር የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አለ። ስፍራው ያማረ፥ መንገዱም የተነጠፈ ነው፤ ለልጆች የሚሆን መጫወቻ፥ የፈረስ ግልቢያ፥ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚሄዱበት መሣሪያም ተዘጋጅቶበታል። ይህን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኔ ከርሱ ጋራ አልተባበርም፤ ከተማ መናፈሻ ያሻታልና። ነገር ግን የሆነውን ልንገር። ልጁ ፈረስ ለመቀመጥ ተራ ያዘ፤ ተራው ሲደርስ የራስ ቍር ደፉለት፤ አንድ ጐልማሳ ልጓሙን ይዞ አዞረው፤ ዙሩም ተፈጸመና ወረደ። «ደስ አለህ ወይ?» ብለው «አዎን» አለኝ። ጥቂት ቈይቶ ደግሞ «አሁንስ ምን ማድረግ ይፈቀድልናል?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ጠባዩ የታረመ፥ በትምህርቱም የተመሰገነ ነው፤ ጥያቄውም ከጨዋነት የመጣ ነው። ሆኖም ጨዋታ ማለት ለርሱ ተራ የሚጠበቅለት፥ ዋጋ የሚከፈልበት፥ ትልቅ ሰው የሚጀምረውና ትልቅ ሰው የሚጨርሰው ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ንግግሩ ተረዳሁ።

ከፓርኩ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ቅጠልና ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች አገኘን። ይህ የእንጦጦ የቈየ ኑሮ ነው። ከመካከላቸው አንዲቱ ዕድሜዋ ከእኅቴ ልጅ ብዙ የማይበልጥ ነበረች። ሸክሙ ከቁመቷ ይረዝማል፤ ጐንበስ ብላ በሩጫ ትወርዳለች። ከኋላዋ የሚጠብቃት፥ በስልክም የት ደረስሽ የሚላት የለም፤ መንገዱን ግን ከማናችንም ይልቅ ታውቀዋለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ለጥቂት ጊዜ ተያዩና ተላለፉ። እንግዲህ «የቀድሞ ልጅ ነጻ ነበረ፥ የዛሬ ልጅ ታሰረ» ብሎ በአንድ ቃል የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ይህችን ልጅ ሊመለከት ይገባዋል። ጠባቂ ማጣትና ነጻነት አንድ ነገር አይደሉምና።

ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ገበያ ነው። ከጋሞ አገር የመጡ ሸማ ሠሪዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚህ አካባቢ ተቀምጠዋል። በልጅነታችን የሸማኔ ልጆች ከኛ ጋራ ይጫወቱ ነበር፤ ጨዋታቸው ግን አጭር ነው። እኛ ኳስ ስንከተል እነርሱ አባታቸው እግሩን ከትቶ ከሚቀመጥበት ጕድጓድ አጠገብ ሆነው ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥኑ ነበር። አባቱ ሲጠራው ልጁ በጨዋታው መካከል ጥሎን ይሄዳል፤ እኛም ሌላ እንተካና እንቀጥላለን። ስለ ቀድሞ ልጅነት የሚነገረው ሁሉ በእንደነዚህ ያሉት ልጆች አፍ ቢነገር ሌላ መልክ ሳይኖረው አይቀርም። ሴቶቹም ልጆች እንዲሁ ናቸው። እኛ ወንዶቹ እስከ ወንዝ ስንወርድ እኅቶቻችን እስከ ቦኖ ውሃ ድረስ ብቻ ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱም በጀርባቸው እንስራ አለ። የነርሱ ነጻነት በዓመት ጥቂት ቀን ነበረች፤ ይኸውም በዕንቍጣጣሽ ዐደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት በሚዞሩበት ጊዜ ነው።

ከስድስት ኪሎ በስተ ምሥራቅ የነበረው ሰፈራችን የተሠራው እንደ አዲስ አበባ የቀድሞ ሰፈሮች ሁሉ ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው፥ ከከተማይቱ የጥንት ሰፈሮች ብዙዎቹ የተቈረቈሩት በአንድ መኰንን ግቢ ዙሪያ ነው፤ ራስ መኰንን ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር እየተባሉ መጠራታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ከትልቁ ግቢ አጥር ሥር የአሽከሩ፥ የወታደሩ፥ የእንጀራ ጋጋሪዋና የቸርቻሪው ጭቃ ቤት ተጠጋግቶ ይሠራል። ስለዚህ ባለጸጋና ድኻ በአንድ መንገድ ይወጣ ይገባ፥ ልጁንም በአንድ ሜዳ ይለቅ ነበር። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ያስተምር ስለ ነበረ የቀኑ እኩሌታ የኛ ነው። ጧት የተማረ ከምሳ በኋላ፥ ከምሳ በኋላ የሚማርም እስከ ቀትር ድረስ ከሰፈር ይውላል። ማንም «የት ትሄዳለህ?» አይለንም፤ «ሳይመሽ ግባ» ብቻ ይባላል።

ጨዋታው ራሱን የቻለ ወቅት ነበረው። መስከረም ሲጠባ ወንዶቹ በቀለም የሣልነውን አበባ ለጎረቤት እናድላለን። በታኅሣሥ ለገና ጨዋታ የሚሆን ጠማማ ዱላ ፍለጋ ወደ ጫካው እንወጣለን፤ አንድ ጥሩ ቈልማማ ዱላ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ የዋልንበት ጊዜ አለ። በበጋው ብይና ቆርኪ ይነግሣል። ክረምት ሲገባ ከልጥና ከቃጫ ጅራፍ ይገመዳል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ነሐሴ 13 ቀን እስከ ቡሄ ድረስ ሰፈሩ በጅራፍ ድምፅ እንደ ተኩስ ይናወጣል፤ በቡሄም ሙልሙል እንሰበስባለን። የካልሲ ኳስ ግን ወቅት የላትም። ሰኞ ማክሰኞ፥ አባሮሽና ድብብቆሽም እንዲሁ። እነዚህን ሁሉ የሚያስተምር መምህር አልነበረም፤ ትንሹ ከትልቁ ያያል። ጠብ በተነሣ ጊዜ ዳኞቹም ምስክሮቹም እኛው ነን፤ አጥፍቶ የተረታውም ቢያለቅስ ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ የሚሄድበት የለውምና።

ልጅን እንዲህ ለመልቀቅ ያስቻለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከመንገዱ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አሰብሁ። በጊዜው ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ከዛሬዎቹ ያነሰ ያስቡ ነበር ማለት ሐሰት ነው። የማስበው እንዲህ ነው። አንደኛው ነገር መላክ ነው። በዚያን ዘመን ልጅ የሚላከው በወላጁ ብቻ አልነበረም። በመንገድ ያገኘው ትልቅ ሰው ሁሉ «አንተ ልጅ፥ ና እስቲ!» ብሎ ጨው ወይም ክብሪት እንዲገዛ፥ ወይም ለጎረቤት ቃል እንዲያደርስ ሊልከው ይችላል። አንዳንዱም መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመልሰህ ድረስ» ይላል። በበጋ ፀሐይ ምራቅ ለመድረቅ ብዙ እንደማይፈጅበት ልጁ ያውቃል፤ ስለዚህ ነፍሱን ይዞ ይሮጣል። (ከስመ ጥር ሯጮቻችን መካከል የመጀመሪያ ትምህርቱን በዚህ ምራቅ ያልጀመረ ስንቱ ይሆን እያልሁ ብቻዬን እስቃለሁ።) በዚህ መላክ ልጁ ብር ይዞ መሄድን፥ መልስ መቍጠርን፥ ሰው ቤት ሲገባ እጅ መንሣትን፥ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፥ በየትኛው ቤት በሽተኛ እንዳለ፥ በየትኛውም ሐዘን እንደ ገባ ሳይነገረው ይማራል። ሰፈሩ ልጁን ያውቀዋል፤ ልጁም ሰፈሩን ያውቃል።

ሁለተኛው የጎረቤት ዐይን ነው። እኛ ማንም አያየንም ብለን እንፈነጭ ነበር እንጂ ከሰፈር እስከ ወንዝ ድረስ ያልታየንበት ስፍራ አልነበረም። ጠላ ሻጯ ከደጅዋ ሆነው፥ ልብስ ሰፊው ከመኪናው ላይ ቀና ብሎ፥ ሽማግሌው ከአጥሩ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ያዩናል። ከልክ ያለፈ ነገር ስናደርግ «አንተ፥ የእገሌ ልጅ አይደለህም ወይ?» የምትለው አንዲት ቃል ትበቃለች። ባትበቃ ደግሞ ቁንጥጫ ይከተላል። የተቈነጠጠ ልጅ ለእናቱ አይናገርም፤ «ጎረቤት ያለ ምክንያት አይቈነጥጥም» ተብሎ ሁለተኛ ይመታልና። ይህንን የማነሣው ለማመስገን አይደለም። ልጅን በበርበሬ የሚያጥን፥ እስኪደማ የሚገርፍ ወላጅ በየሰፈሩ ነበረ፤ ጎረቤትም ሰምቶ ዝም ይል ነበር። ነገር ግን ልጅ እንዳይጠፋ፥ እንዳይሰረቅ፥ ውሃ እንዳይወስደው የሚጠብቀው ያ ዐይን መሆኑ እውነት ነው። ነጻነታችን የራሳችን ይመስለን ነበር፤ የሰፈሩ ነበረ።

በዚያን ጊዜ ሁልጊዜ በጠባቂ ተከብቦ የሚያድግ ልጅ ፈጽሞ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ፤ እርሱም የመኰንን ልጅ ነው። ሞግዚት ታሳድገዋለች፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መጽሐፉን የያዘ አሽከር ይከተለዋል፤ ከግቢው ውጭ ብቻውን አይወጣም። በሰፈራችን ትልቅ ግቢ ውስጥ እንደዚህ ያለ አንድ ልጅ ነበረ። በበሩ ስንጥቅ ስናይ ዐይኑን እናያለን። ኳሳችን አጥር ዘልላ በገባች ጊዜ ወርውሮ የሚመልስልን እርሱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ቶሎ አይመልሳትም፤ ብቻውን ጥቂት ሲመታት ድምፅዋን እንሰማለን። በዚያን ጊዜ ክፋት ይመስለን ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ ኑሮው መካከለኛ የሆነው ሰው ሁሉ ልጁን የሚያሳድገው እንደዚያ ልጅ ነው። በአሽከሩ ፈንታ ሰርቪስ የሚባለው የትምህርት ቤት መኪና፥ በሞግዚቷም ፈንታ ቴሌቪዥንና ስልክ ተተክተዋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ አስጠኚ ይጠብቀዋል። ቀድሞ የጥቂቶች ክብር የነበረው አጥር ዛሬ የብዙዎች ልማድ ሆነ። ወላጆቹም ይህን የሚያደርጉት በትዕቢት ሳይሆን በፍርሃት ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 1 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ ያህል ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ 2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ ያህል ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ እየበዛ ሄዷል። እኛ ኳስ የምንመታበት ጐዳና ዛሬ መኪና ያለ ማቋረጥ ይመላለስበታል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጐዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ መለቀቅ በጀመሩ ጊዜ፥ ልጆች በአስፋልቱ መካከል ሲሮጡ ያየ ሰው ሁሉ የጐደለው ምን እንደ ነበረ አስተውሏል።

ይህ ነገር የኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከ7 እና ከ8 ዓመት ልጆች ውስጥ ከመቶ 80ዎቹ ያለ ትልቅ ሰው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ግን ከመቶ 9 ብቻ ቀሩ። ይህም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንኳ ሳይሆን በ19 ዓመት ውስጥ የሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀው፥ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ የልጅን የማረፍና የመጫወት መብት ይናገራል፤ ይህን ያህል ግልጽ ነገር በሕግ መጻፍ ያስፈለገበት ዘመን ላይ መድረሳችን ያስደንቃል።

በኛ ከተማ ግን ከመኪናው ይልቅ የጐዳን ሌላ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። አሮጌው ሰፈር ሲፈርስና ሰዉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ቤቱ የሚሰጠው በዕጣ ነው። በዕጣ ቤት ይገኛል፤ ጎረቤት ግን አይገኝም። አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች አንዱ በምሥራቅ ሌላው በደቡብ ዳርቻ ይወድቃሉ፤ ዕድሩና ማኅበሩም ይበተናል። አዲሱ ቤት ከጭቃ ቤቱ ይሻላል፤ ውሃና መብራት በውስጡ አለ፤ እኅቴም ለምንም ብላ ወደ ቀድሞው አትመለስም። ነገር ግን ከበላይዋ ያለውን ሰው በስሙ አታውቀውም፤ እርሱም ልጅዋን በደረጃ ላይ ቢያገኘው የማን ልጅ እንደ ሆነ አያውቅም። እንግዲህ ልጅዋን በምን ልብ ትለቀቀው?

ጃንሆይ ሜዳ ስንደርስ ከቀኑ 6 ሰዓት ሆኖ ነበር። ይህ ሜዳ የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፥ የፈረስ ጕግስና የሩጫ ውድድር የሚደረግበት መሆኑን የማያውቅ የለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚህ ተዛውሮ ነበረ፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ግን ሜዳው ተለቀቀ። በደረስንበት ሰዓት አራት ወይም አምስት የኳስ ጨዋታ በአንድ ላይ፥ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተላለፈ ይደረግ ነበር። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። የእኅቴ ልጅ ከዳር ቆሞ «የየትኛው ትምህርት ቤት ቡድን ናቸው?» አለኝ። የማንም እንዳልሆኑ ብነግረው አልገባውም። ወዲያው ኳስ ወደ እግሩ ተንከባለለችና አንዱ ልጅ «አንተ፥ አቀብለኝ!» ብሎ ጮኸበት። መታት፤ ተጣመመችበት፤ ሳቁበት፤ እርሱም ሳቀ። ጥቂት ቈይቶ በረኛ አድርገው አቆሙት፤ በረኛ ማንም የማይወደው ስፍራ ስለ ሆነ ለእንግዳ የሚሰጥ ነው። በዚህ መካከል እናቱ ደወለች። «ከማን ጋራ ነው የሚጫወተው?» ስትል ስማቸውን እንደማላውቅ ነገርኋት። ዝም አለች። ከዚያም «ጫማውን እንዳያወልቅ» አለች።

ነጻነቱን ያጠፋው የዘመኑ ቤትና መኪና ብቻ ነው ብሎ መጻፍም አይገባም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በሆነበት ጊዜ፥ በዚህ በወጣንበትና በወረድንበት ሰፈር ሁሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ከፀሐይ መጥለቅ አስቀድመው ይቈልፉባቸው ነበር። ሰዓት እላፊው ለብዙ ዓመት ቈየ። ያ የሚጠብቀን የጎረቤት ዐይን መፈራት የጀመረው ያን ጊዜ ይመስለኛል። «የእገሌ ልጅ አይደለህም ወይ?» የምትለው ቃል ያን ጊዜ ሌላ ትርጕም አገኘች። ጎረቤት ጎረቤቱን ማየትን አንድ ጊዜ ከተወ በኋላ መልሶ ለመልመድ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

ከሜዳው ወርደን ቀበና ድልድይ ላይ ቆምን። ወንዙ ከእንጦጦ ወርዶ ከተማይቱን አቋርጦ ወደ አቃቂ ይሄዳል። በልጅነታችን በበጋ ሴቶች ልብስ ያጥቡበት፥ እኛም በኩሬው እንዋኝበት ነበር፤ ከድንጋይ ድንጋይ መዝለልን የተማርነው በዚያ ነው። በክረምት ግን ደራሽ ይመጣል፤ ከላይ ዝናም መዝነቡን ሳናውቅ በድንገት የሚሞላበት ቀን አለ። ልጅ የወሰደበት ዓመትም ነበረ፤ የእናትየዋን ለቅሶ የሰማ ሰው «የድሮ ልጅነት» እያለ በቀላሉ አያወራም። በኋላ ዘመን ከየቤቱ የሚወርደው ፍሳሽና ቍሻሻ ወንዙን አበላሸው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳር ለማልማት ዕቅድ ወጥቶ ሥራው በየስፍራው ተጀምሯል፤ ዳርቻው ሲያምር ደስ ያሰኛል። ትንሿ ልጅ «እግሬን ልንከረው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኋት። መቼ እንደሚሆን ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ ደግነቱ አልጠየቀችኝም።

አንዳንድ የዕድሜ ባልንጀሮቼ ለዛሬ ወላጆች የሚሰጡት ምክር «ልጁን ልቀቀው» የሚል ብቻ ነው። እንደኔ አሳብ ይህ ምክር ከግማሽ በላይ ጐደሎ ነው። እኛ የተለቀቅነው ወደ ሚያውቀን ሰው መካከል ነው፤ ማንም ወደ ማያውቀው ሰው መካከል የተለቀቀ ልጅ ያች እንጨት የተሸከመችው ልጅ ናት። በሩን ከመክፈት አስቀድሞ ከበሩ ውጭ የሚያይ ዐይን መኖር አለበት። ይህም በትእዛዝ አይሆንም፤ በቡና፥ በዕድር፥ ሐዘን በመድረስና የጎረቤትን ልጅ ስም በማወቅ የሚሠራ ሥራ ነው።

እኅቴ በምትኖርበት ግቢ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተጀመረ ነገር አለ። የሕንፃዎቹ ነዋሪዎች ዕድር ካቋቋሙ በኋላ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መኪናዎች ከግቢው መካከል ወጥተው በውጭ እንዲቆሙ፥ ሁለት ሁለት ወላጆችም በየተራ በደጃፍ ተቀምጠው ልጆቹን እንዲያዩ ተስማሙ። ተራ የደረሰው ሰው የሚያደርገው መቀመጥ ብቻ ነው፤ ጨዋታውን አያዝዝም፥ ጠብም ካልከፋ አይገላግልም። ስምምነቱ ያለ ጭቅጭቅ አልሆነም። አንድ ባለ መኪና «ገንዘብ ከፍዬ ያገኘሁትን ስፍራ ለምን እለቃለሁ?» ብሎ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተከራከረ። ልጅ ወድቆ ቢሰበር ማን ይጠየቃል የሚለውም ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ በየስብሰባው ይነሣል፥ በየስብሰባውም ይታደራል። ቢሆንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ ግቢ ድብብቆሽ አለ፤ ሰኞ ማክሰኞም በጠመኔ ተሥሎ አይቻለሁ።

በዚያ ስፍራ በነበርሁበት ቅዳሜ የበሩ ዘበኛ፥ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፥ የእኅቴን ልጅ ጠርተው 20 ብር ሰጡትና ከበሩ ውጭ ካለው ሱቅ ጨው እንዲገዛላቸው ነገሩት። ሱቁ ከበሩ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ከዚያም በስተ ቀኝ ዞር ብለው መሬት ላይ እንትፍ አሉ። ልጁ ይህ ምን እንደ ሆነ ስላላወቀ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ከተነገረውም በኋላ ወዲያው አልሮጠም። አስቀድሞ ቀና ብሎ ወደ አራተኛው ፎቅ አየ። እኅቴ በመስኮት ነበረች። በእጅዋ «ሂድ» አለችው፤ እስኪመለስም ድረስ ከመስኮቱ አልራቀችም።